760 የአዲስ አበባ ቁጥር አይደለም

የዛሬው የአተነፋፈስ ፊዚዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ያለቀው በአንድ ቁጥር ክርክር ነው። የማስተርስ ተማሪ ሁሉ 760ን ከመጽሐፍ ይዞ ይመጣል። 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ግን የባሕር ጠለል ግፊት ነው። ቸርችል ጎዳና 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ወደ 580 ይወርዳል።

እስቲ በሳንባ የአየር ከረጢቶች ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ግፊት እናስላው። ከ580 ላይ 47 ይቀነሳል፤ ይህ በ37 ዲግሪ ሙቀት ያለው የውሃ ተን ግፊት ነው፣ የሚወስነው የሰውነት ሙቀት ስለሆነ ከፍታ አይለውጠውም። የቀረው 533 በ0.21፣ ማለትም በአየር ውስጥ ባለው የኦክስጅን ድርሻ፣ ሲባዛ 112 ይሆናል። ከዚያ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግፊት ለ0.8 (ሰውነት የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለሚወስደው ኦክስጅን ሲካፈል የሚገኘው ምጣኔ) ተካፍሎ ይቀነሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ እንደ መጽሐፉ 40 ያስገባና 62 ያገኛል። ከፍታ ላይ ያለ ሰው ግን አየር አብዝቶ ስለሚተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ዝቅ ይላል። ለምሳሌ 34 ብናስገባ መልሱ ከ69 በላይ ነው። ያቺ የ7 ሚሊሜትር ልዩነት ሰውነት በትንፋሽ ብቻ ያተረፋት ኦክስጅን ናት። በጣም ደስ የምትል ስሌት!

ግፊቱን ከስልክ የአየር ጠባይ መተግበሪያ የሚወስድ ደግሞ ይጠንቀቅ። እዚያ የሚታየው 1,020 ሄክቶፓስካል ገደማ ወደ ባሕር ጠለል የተስተካከለ ነው። ባሮሜትር በቦታው የሚያነበው ወደ 773 ነው፤ በ0.75 ሲባዛ 580 ይመጣል።

ይህ የፈተና ጉዳይ ብቻ አይደለም። በደም ወሳጅ ቧንቧው ያለው የኦክስጅን ግፊት 65 የሆነ ጤነኛ የከተማችን ሰው በባሕር ጠለል ሠንጠረዥ ሲታይ ሳንባው የታመመ ይመስላል።