ፐ

እሑድ ማታ፣ ባሕር ዳር

የእህቴ ልጅ በቴሌግራም የምትልክልኝ መልስ እያጠረ እያጠረ ሄዶ አሁን አንዲት ፊደል ላይ ደርሷል። ማምሻውን ከአዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ያነሳሁትን ፎቶ ላክሁላት። «ፐ» አለችኝ። ቃለ አጋኖ የለ፣ ምን የለ። አድንቃ ይሁን ቀልዳብኝ አልለየልኝም። ብጠይቃት «ጋሼ ደግሞ፣ ገብቶሃል እኮ!» ነው የምትለኝ፤ ስለዚህ ብቻዬን ሳሰላስላት አመሸሁ።

እኔ እንደሚገባኝ፣ ልጆቹ ከልባቸው ሲገረሙ ይደረድሯታል። «ፐፐፐፐ» ካሉህ በቃ ወደውልሃል። ብቻዋን ስትመጣ ግን ታጠራጥራለች። በአፍ ቢሆን ዜማው ይለየዋል፤ ሰዓት አሳልፎ ለመጣ ጓደኛ «ፐ! ሰዓት አክባሪው!» ሲባል ማንም ምስጋና ነው ብሎ አይሳሳትም። ድልድዩ በ2016 ዓ.ም ግንቦት ላይ በተመረቀ ሰሞን ደግሞ ሰው 380 ሜትሩን በእግሩ እየተሻገረ «ፐ!» ሲል ሰምቻለሁ፤ ያ የእውነት ነበር። በጽሑፍ ዜማ ስለሌለ ነው መሰለኝ ልጆቹ ድምፃቸውን በፊደል ቁጥር የሚጎትቱት።

ፐ የፊደል ገበታው መጨረሻ ናት። የግዕዙ 26 ፊደላትም፣ የአማርኛው 33ቱም በእሷ ያልቃሉ። የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠረ ሁሉ «ፐ ፑ ፒ ፓ ፔ ፕ ፖ» ላይ ሲደርስ የልጁ ሁሉ ድምፅ እንዴት እንደሚደምቅ ያውቃል፤ ማለቁ ነዋ! በኋላ ለቪላውና ለቪዲዮው ብለን ቨን ብንቀጥልባትም፣ ወሬን «ከሀ እስከ ቨ» ብሎ የተረከልኝ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። «ከሀ እስከ ፐ» እንዳለ ነው።

እንግዳ ፊደልም ናት። ከጰ ጋር ሆና ግዕዝ ውስጥ የገባችው ከግሪክ የመጡ ስሞችንና ቃላትን ለመጻፍ ነው፤ ዛሬም አብዛኛው ሥራዋ ከፖሊስ፣ ከፖስታና ከላፕቶፕ ጋር ነው። ገጠር ያደጉ ትልልቆቻችን አፋቸው አይቀበላትም። እናቴ እስከ ዛሬ «ቦሊስ»፣ «ቦስታ»፣ «ባስታ» ነው የምትለው። እዚህ ሐይቁ ዳር ታንኳ የሚሠሩትም ፓፒረሱን ደንገል ስለሚሉት ፐን የሚፈልጉበት ጉዳይ የለም።

ግን ይህችው «ባስታ» ባይ እናቴ ክንድ የሚያህል አምባዛ ገዝቼ የገባሁ ቀን ማየት ነው! መጀመሪያ ከንፈሯን ግጥም ታደርጋለች። ትንሽ ትቆያለች። ከዚያ ትንፋሹ ፈንዳ ብሎ ይወጣል፣ ቅንድቧም አብሮት ይነሳል፦ «ፐ! ሸጋ አሳ!» ጥርት ያለች ፐ፤ ዜና አንባቢ እንኳ እንዲህ አይላትም። የፖሊሷን ፐ እምቢ ያለ አፍ የግርምቷን ፐ ከየት አመጣት? እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁለቱ ዘመድ አይደሉም። አንዷ በባዕድ ቃል ተጭና የመጣች ናት፤ ሌላዋ ድሮም በአፋችን የነበረች ትንፋሽ ናት፣ መጻፊያ ሲጠፋላት የእንግዳዋን ፊደል የተዋሰች።

ከባለ አንድ ፊደሎቹ መካከል የማልወደው «ኬ» የምትባለዋን ነው። ከእንግሊዝኛው ኦኬ ተቆርሳ የቀረች ናት፤ ረጅም መልእክት ጽፈህ «ኬ» ስትባል በር የተዘጋብህ ያህል ነው። እሺ ራሷ እኮ ሁለት ፊደል ናት! አንዲት ፊደል ለመቆጠብ ይህን ያህል መጨከን ምን ይሉታል? «ዋ!» ግን ትከበርልኝ። ሐይቁ ዳር ለሚሮጥ ልጅ «ዋ!» ስትል እናት፣ ዱላውም ምክሩም በአንዲቷ ፊደል ውስጥ አለ።

ፊደል ያላገኘም አለ። ሰው ሲያወራልን ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን የምንላት ነገር፤ አዎ ማለት ናት፣ እየሰማሁህ ነው ማለትም ናት። «እ» ብለህ ብትጽፋት አንባቢው «ምን አልክ?» ብለህ የጠየቅኸው ይመስለዋል። በስልክም አትሻገርም። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ደውሎ ሲያወራ እናቴ በየመሀሉ ትንፋሿን ትስባለች፣ እሱ ደግሞ አይሰማትም።

«ሃሎ! እማዬ፣ አለሽ?»

«አለሁ እንጂ፣ እየመለስኩልህ አይደል!»

አሁን አሁን ለስልክ ብቻ «አዎ! አዎ!» እያለች መጮህ ለምዳለች። ጎረቤት ከሰው የተጣላች ይመስለዋል።