የማይሞቀው መስታወት

ዛሬ ማለዳ ጅማ አባ ጅፋር አየር ማረፊያ ያረፈው የጭነት አውሮፕላን ካፒቴን፣ የግራው የፊት መስታወት ማሞቂያ በአንድ ወር ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ እንደጠፋባቸው መዝገቡ ላይ ጽፈው ጠበቁኝ።

በመስታወቱ ንብርብሮች መካከል ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ፣ ለዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን አለ፤ ሙቀቱ በረዶንና ጉምን ከመከላከሉም በላይ መካከል ያለውን የፕላስቲክ ንጣፍ ስለሚያለዝበው፣ መስታወቱ ወፍ ቢመታው እንኳ በቀላሉ እንዳይሰበር ያግዘዋል። በ30,000 ጫማ ከፍታ የውጭው አየር ከዜሮ በታች 44 ዲግሪ ገደማ ስለሚሆን፣ ይህ ቅንጦት አይደለም።

በባትሪ ስመለከት ከታችኛው ጠርዝ፣ ከሽቦው መጋጠሚያ አጠገብ፣ የጥፍር ስፋት ያላት ቡናማ የቃጠሎ ምልክት አገኘሁ። ሁለቱንም ጊዜ መቆጣጠሪያውን ብቻ ቀይረን መሸኘታችን (እኔም አለሁበት) ስህተት ነበር። ካፒቴኑ ደመና እየሸሹ ለመመለስ ቢያስቡም፣ «ካፒቴን፣ ይህን መስታወት ይዘው እንዲነሱ አልፈርምም» አልኳቸው፤ ምትኩ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አውሮፕላኑ ከነቡናው ቆሟል።