ፌስታሉን ይዘው ይምጡ

መድኃኒት ቤት የሚሠራ ሰው ጠዋት ማታ የሚሰማው ነገር አለ። «ዝም ብሎ ያደክመኛል፤ እጅና እግሬን ይደነዝዘኛል፤ እስቲ ጥሩ ቫይታሚን ስጪኝ።» እኔ ቶሎ ወደ መደርደሪያው አልዞርም። «አሁን ምን ምን እየዋጡ ነው?» እላለሁ። አንዳንዱ ይናደድብኛል። ሊገዛ እንጂ ሊመረመር አልመጣማ!

ባለፈው አንዲት የሰፈራችን እናት መጡ። «ልጄ፣ እግሬን መርፌ መርፌ ይለኛል፤ ማታ ማታማ እሳት ነው» አሉኝ። ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ እንዲያመጡልኝ ለመንኳቸው። በማግስቱ በጥቁር ፌስታል ይዘው መጥተው ባንኮኒው ላይ ዘረገፉት። የስኳር መድኃኒታቸው ሜትፎርሚን አለ። ለጨጓራ የሚውጡት ኦሜፕራዞል አለ፤ ማን እንዳዘዘላቸው እንኳ ረስተውታል። ከሌላ መድኃኒት ቤት የገዙት የነርቭ ቫይታሚን አለ። ልጃቸው ከአሜሪካ የላከችው ትልቅ ብልቃጥ መልቲቫይታሚንም አለ። በዚህ ላይ እማማ አንድም ጾም አያልፋቸውም።

እንዲህ ሲሆን ቶሎ የማስበው ቢ12 የሚባለውን ቫይታሚን ነው፤ ሲጎድል ነርቭ ይጎዳል፣ እጅና እግር ይደነዝዛል። በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከጉበት፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። ሽሮና ምስር ውስጥ የለም። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያጠራቅም ጤነኛ ሰው ሁዳዴን ስለጾመ ብቻ አያልቅበትም። ሜትፎርሚን ግን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሰውነት ቢ12ን በደንብ እንዳይቀበል ያደርጋል። ኦሜፕራዞል ደግሞ የጨጓራን አሲድ ስለሚቀንስ ቫይታሚኑ ከምግቡ በቀላሉ አይላቀቅም። ጾሙና ሁለቱ መድኃኒቶች አንድ ሰው ላይ ሲገጣጠሙ የቢ12 እጥረት እጠረጥራለሁ። መደንዘዙ ከስኳሩም ሊመጣ ይችላል። በዓይን አይለይም፤ ደም መመርመር ያስፈልጋል።

«ታዲያ የነርቩን ቫይታሚን እየዋጥኩ አይደል?» አሉኝ። ልክ ናቸው፣ ይጠየቃል። የነርቭ ቫይታሚን የሚባለው ብዙውን ጊዜ ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 ነው። ችግሩ፣ ቢ6 ሲበዛና ሲቆይ ራሱ ነርቭ ይጎዳል፤ እጅና እግር ያደነዝዛል። ሰው መደንዘዙ ሲብስበት ደግሞ ይጨምርበታል! የአሜሪካውን ብልቃጥ አዙሬ ጽሑፉን አነበብኩላቸው። እሱም ላይ ቢ6 አለ። የሁለቱን ደምሬ በወረቀት ጻፍኩላቸውና ለሐኪማቸው እንዲያሳዩ ሰጠኋቸው። ሜትፎርሚኑን በራሳቸው እንዳያቋርጡም አደራ አልኳቸው፤ ከቢ12 ጋር ይጣላል ሲባል የሚጥሉት አሉና።

ደም ማነስ ነው ብለው ፎሊክ አሲድ ብቻ የሚገዙም አሉ። የጎደለው ቢ12 ከሆነ ፎሊክ አሲዱ ደሙን ያስተካክለውና ነርቩ ውስጥ ውስጡን መጎዳቱን ይቀጥላል።

ወጣቶቹ የሚመጡት ለፀጉር ነው፤ ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን ፈልገው። ፀጉር የሚነቅለውና የሚያደክመው አንዳንዴ የአይረን እጥረት ወይም እንቅርት ነው። ብዙ ባዮቲን እየወሰዱ የእንቅርት ሆርሞን ምርመራ ቢያደርጉ ውጤቱ ሊሳሳት ይችላል። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2017 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ አስጠንቅቋል። ደም ከመስጠትዎ በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ።

ቫይታሚን ውጬ ሽንቴ ቢጫ ሆነ ለሚለኝ፦ ውስጡ ያለው ቢ2 ነው፣ አይደንግጡ። አይረን በቡና ወይም በሻይ አይዋጥም። ነፍሰ ጡር ሴት ከሌላ ሰው ብልቃጥ ቫይታሚን አትውሰድ፤ ቫይታሚን ኤ ሲበዛ ፅንስ ይጎዳል። መርፌ ይሻላል ወይ? የቢ12 እጥረት ላለበት ሰው ከፍ ያለ መጠን ያለው እንክብልም አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። ነርቭ ከተነካ ግን ሐኪሞች ብዙ ጊዜ በመርፌ ይጀምራሉ።

ድካሙ ከክብደት መቀነስ፣ ከሌሊት ላብ ወይም ሁለት ሳምንት ካለፈው ሳል ጋር ከመጣ ጤና ጣቢያ ሄደው ለቲቢ ይመርመሩ፤ በመንግሥት ጤና ተቋም ሕክምናው በነፃ ነው። በአንድ ጎን ብቻ በድንገት ከደነዘዘዎት፣ አፍዎ ከተጣመመ ወይም ንግግር ካቃተዎት ደግሞ እኔ ጋ ወረፋ አይያዙ። ታክሲም ቢሆን ይዘው በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።