ከሞባይል ጥገና ወደ መኪና ቁልፍ፦ የስምንት ወር ልምዴ ከደሴ

ጥቅምት ላይ ስጀምር የመኪና ቁልፍ ለእኔ አንድ ዕቃ ነበር። ዛሬ ግንቦት ላይ ሆኜ ሳየው ሦስት ነው፤ ጥርሱ፣ ቺፑና ሪሞቱ። ጥርሱ ኮንታክቱን ያዞራል። ቺፑ ሞተሩ እንዲነሳ ይፈቅዳል። ሪሞቱ በር ይከፍታል፣ ይቆልፋል። ሦስቱም አንድ ፕላስቲክ ውስጥ ስላሉ ደንበኛ "ቁልፌ ተበላሸ" ብሎ ነው የሚመጣው። የትኛው እንደሞተ መለየት የእኛ ፋንታ ነው። ይህን ሳይለዩ ማሽን መሰካት ስንት ጊዜና ብር እንደሚበላ በራሴ ደርሶ አይቼዋለሁ፤ ሙያውን ልትጀምሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

ደሴ ላይ ሞባይል ስጠግን ስድስት ዓመቴ ነው። ቦርድ መበየድ አይከብደኝም። መኪናውን ያስተማሩኝ አንድ አንጋፋ የአውቶ ኤሌክትሪክ ባለሙያ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ፕሮግራም የሚባል ነገር፣ ማለትም ቁልፍን በማሽን ለመኪናው ማስመዝገብ፣ እንዳልነካ ከለከሉኝ። "መጀመሪያ ያለውን አድን" ነበር ያሉኝ። ያኔ ቅር ብሎኝ ነበር፤ አሁን ግን ለሳቸው ያለኝ ምስጋና ከዚያ ክልከላ ይጀምራል። ከሚመጣልኝ ሪሞት አብዛኛው አዲስ ቁልፍ የሚፈልግ አልነበረም። ወይ ላስቲኩ ተቀዷል፣ ወይ ከሥሩ ያለችው ትንሽ ማብሪያ ደክማለች፣ ወይ ወድቆ ብየዳው ተሰንጥቋል። ማብሪያዋን ነቅሎ በሌላ መተካት ሞባይል ለሚጠግን ሰው የሩብ ሰዓት ሥራ ነው።

ባትሪ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁጥሩን ስለማያነብ ነው። 2032 ማለት ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው። 2016 ደግሞ ስፋቱ ያው ሆኖ ውፍረቱ 1.6 ብቻ ነው። ሁለቱም 3 ቮልት ስለሆኑ ሱቁ ያገኘውን ይሰጣል፤ ቀጭኗ ወፍራሟ ቦታ ስትገባ ብረቱን በደንብ አትነካም፣ ሪሞቱም አንዴ ይሠራል አንዴ እምቢ ይላል።

ታኅሣሥ ላይ የመጣ አንድ ጉዳይ ግን እስከዛሬ ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ ነው። የደሴ ኮምቦልቻ መስመር ሹፌር ነው። "ወንድሜ፣ ጠዋት ደሴ ላይ አይከፍትም፤ ኮምቦልቻ ስወርድ ይከፍታል። ፕሮግራሙ ጠፍቶበታል ብለውኛል" አለኝ። ባትሪውን ስለካው 2.9 ቮልት አሳየ፤ ደህና ነው ብዬ ልመልሰው ነበር። ጋሼ "የሪሞቱን መጫኛ ተጭነህ ለካው" አሉኝ። ስጫን ወደ 2.3 ወረደ። ደሴ ከባሕር ጠለል ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች፤ ኮምቦልቻ ከዚያ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ያረጀ የሊትየም ባትሪ ብርድ ሲነካው ጉልበቱን ይነሳል፣ ሙቀት ሲያገኝ መለስ ይላል። ከጦሳ ተራራ ሥር በሚነፍሰው የታኅሣሥ ንጋት የማይሠራው ሪሞት ኮምቦልቻ ወርዶ ቦርከና ወንዝን ሲያይ የሚነቃው በዚህ ነው። ባትሪ ቀየርኩለት፣ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ሳልጫን ለክቼ አላውቅም።

ጥር ላይ ወደ ቺፑ ገባሁ። ቺፑ ባትሪ የለውም። ኮንታክቱ ዙሪያ የተጠመጠመ ሽቦ አለ፤ ቁልፍ ስታስገቡ እሱ በ125 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ኃይል ይሰጠዋል፣ ቺፑም ነቅቶ ለመኪናው ኮምፒውተር መልስ ይሰጣል። መልሱ ካልተስማማ ሞተሪኖው ቢዞር እንኳ ሞተሩ አይነሳም፣ ወይም ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል። ስለዚህ የሪሞት ባትሪ መሞት ሞተር አያስቀርም። ይህን ስታስረዱት ብዙ ሹፌር እፎይ ይላል። ሌላም አለ፤ ከገልፍ አገሮች ከመጡት ቶዮታዎች ውስጥ ኢሞቢላይዘር የሚባለው፣ ቺፑን የሚጠይቀው ሥርዓት፣ ጭራሽ የሌላቸው አሉ። እነሱ ላይ የተቀረጸ ብረት ብቻ ይበቃል። ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ምልክት ያለባት ቀይ መብራት ብልጭ ትል እንደሆነ ሳታዩ ለቺፕ ዋጋ አትጥሩ፤ የማያስፈልገውን ማስከፈል ነው የሚሆነው።

አንድ ጥፋቴን ልንገራችሁ። ሰኞ ገበያ የሚነግዱ አንዲት እትዬ ከሁለት ቁልፋቸው አንዱን ገበያ መሀል ጣሉ። መኪናዋ ባለ 4ዲ ቺፕ ኮሮላ ናት። ይህ ቺፕ የሚጠቀመው የምስጢር ቁጥር 40 ቢት ብቻ ነው፤ በ2005 እ.ኤ.አ. የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲና አርኤስኤ የተባለው የመረጃ ደኅንነት ኩባንያ ተመራማሪዎች ሊሰበር እንደሚችል በተግባር አሳይተዋል። ዛሬ በገበያ ያለው ትንሽ ማሽን ቀድቶ ሌላ ቺፕ ላይ የሚገለብጠው በዚሁ ድክመት ነው። እኔም ቀላሉን መረጥኩ፤ በእጃቸው ያለውን ቀድቼ ሰጠኋቸው። ሠራ፣ መረቁኝ። ማታ ተኝቼ ነው የባነንኩት፤ የጠፋው ቁልፍ እኮ አሁንም መኪናዋን ያስነሳል! ቅጂ የመኪናውን መዝገብ አይነካም። በማግሥቱ ሄጄ፣ ይቅርታ ጠይቄ፣ በመሪው ሥር ባለው ባለ 16 እግር ሶኬት ማሽን ሰክቼ የተመዘገቡትን አጠፋሁና በእጃቸው ያሉትን ብቻ መልሼ አስመዘገብኩ። ተጨማሪ አልተቀበልኩም። ቁልፍ ለጠፋበት ሰው የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ከዚያ ወዲህ "የት ጣልከው?" ሆኗል።

ሪሞት ስትገዙ ደግሞ ሞገዱን እዩ። ለአሜሪካ የተሠራው ቶዮታ በአብዛኛው 315 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ነው፣ የአውሮፓው 433። መልኩ አንድ ነው። እኔ በመልኩ ገዝቼ ሁለት ሪሞት ሳጥኔ ውስጥ ቀርተዋል፤ ቺፑ ሞተር ያስነሳል፣ በሩ ግን አይሰማም።

መጋቢት ላይ የሐይቁ መጣ። አንድ ወጣት ሐይቅ ከተማ፣ ሐይቁ ዳር መኪናውን ሲያጥብ ቁልፉ ከኪሱ ሾልኮ ውኃ ገባ። ሁለተኛ ቁልፍ የለውም። መኪናዋ የ2011 (እ.ኤ.አ.) ኮሮላ፣ ጂ የሚባል የቺፕ ዓይነት ያላት ናት፤ ለአራት ቀን እዚያው ቆማለች። ከደሴ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ተጉዤ ደረስኩና መጀመሪያ ሊብሬና መታወቂያ ጠየቅሁት። ሊብሬው ደሴ ቤቱ ነው።

"ወንድሜ፣ ሌባ መሰልኩህ?" አለኝ፤ ከፍቶታል።

"አልመሰልከኝም። ግን ሳላይ የሠራሁ ቀን ነገ ያንተንም ሳላይ ለሌላ ልሠራ ነው።"

አጠገባችን የተቀመጡ አንድ አባት ጣልቃ ገቡ። "ልጄ፣ አብሽር። ልክ ብሏል። ሂድና አምጣ፣ መኪናህን እኛ እንጠብቃለን" አሉት። ሄደ። እኔ እዚያው ቡና ቀረበልኝና ከአቦል እስከ በረካ ጠጥቼ ጠበቅሁት። ሲመለስ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳከርኩ።

ከዚያ ሊሺ የምትባለውን መሣሪያ በሩ ቀዳዳ ውስጥ አስገብቼ የጥርሱን ጥልቀት አንድ በአንድ አነበብኩ፣ በእሱ ብረት ቀረጽኩ። ኮንታክቱ ዞረ። ሁሉም ቁልፍ ሲጠፋ እንዲህ ያለው ቶዮታ ላይ የኢሞቢላይዘሩን መዝገብ ማጽዳት 16 ደቂቃ ይፈጃል፤ ያን ሁሉ ጊዜ ኮንታክቱ በርቶ መቆየት አለበት። አራት ቀን የቆመው ባትሪ 11.9 ቮልት እንደሆነ አይቼ ነበር፤ ይበቃል ብዬ ጀመርኩ። አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ማሽኑ ከመኪናው ጋር ተቆራረጠ። ኮምፒውተሩን ገደልኩት ብዬ እጄ ቀዘቀዘ። ጋሼን ደወልኩ። "ባትሪ ደግፈህ እንደገና ጀምር፣ አትቸኩል" አሉኝ። አንድ ሚኒባስ አስጠግተን በገመድ አገናኘን፤ የሚኒባሱ ሞተር እየሠራ ቮልቱ ከ13 በላይ ሆነ። ሁለተኛው 16 ደቂቃ እንዴት እንደረዘመብኝ! ሲያልቅ አዲሶቹን ሁለት ቁልፎች አስመዘገብኩ፣ ቀይዋ መብራት ጠፋች፣ ሞተሩ በአንዴ ተነሳ። አሁን ከ12.5 ቮልት በታች ሳይ መጀመሪያ የማወጣው ገመዱን ነው።

ሁለተኛዋን ቁልፍ ከመጀመሪያዋ ጋር አንድ ቀለበት ላይ ሊያስገባት ሲል እጁን ያዝኩት። እናቱ ቤት እንድትቀመጥ ተስማማን። አንድ ቁልፍ በእጅ እያለ ሌላ ማስጨመር አጭር ሥራ ነው፤ ሁሉም ሲጠፋ ግን ጥርስ ማንበብ፣ መዝገብ ማጽዳትና የመንገድ ወጪ ይደመርበታል። ይህን ለእያንዳንዱ ደንበኛ እነግራለሁ፤ ከሥራዬ ግማሹ ምክር ሆኗል።

ስማርት ቁልፍ ላይ፣ ኪስ ውስጥ እያለ መኪናው በሚያውቀው ላይ፣ ገና ነኝ። እስካሁን ያየሁት፣ ከአንድ ቶዮታ ጋር የተመዘገበ ስማርት ቁልፍ የቀድሞ ምዝገባው ካልተሰረዘለት በቀር ሌላው ላይ አለመግባቱን ነው፤ ያገለገለ ስትገዙ ተጠንቀቁ። ባትሪው ከሞተ ደግሞ ሞተሩን ለማስነሳት ፍሬን ረግጦ ቁልፉን ማስነሻው ላይ ማስጠጋት ነው።

ጠረጴዛዬ ላይ አሁን ዝናብ የገባባት የሂሉክስ ሪሞት አለች። ቦርዷን በአልኮል አጥቤ ዝገቱን አንስቻለሁ፣ አዲስ ባትሪ ገብቶላታል፣ ማታውን በሥራ ቤቴ መስኮት ላይ ታድራለች። ነገ ንጋት ላይ፣ ብርዱ ሳይለቅ፣ ተጭኜ እለካታለሁ።