ሯጭ የሌለበት የሩጫ ቡድን

ሰሚት ኮንዶሚኒየም አካባቢ የሰፈር የሩጫ ቡድን አለን። ሯጭ ግን የለንም፣ ከአንድ ልጅ በቀር። ሌሎቻችን የባንክ ሠራተኛ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ የራይድ ሹፌር፣ እንጀራ ጋግረው ለሆቴል የሚያስረክቡ እናት፣ ሁለት ነርሶች፣ ቀን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጎልቶ የሚውል እኔ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ሳምንት መጥቶ ሁለት ሳምንት የሚጠፋ የሰፈር ሰው ሁሉ። "እንዴት አቋቋማችሁት? ደግሞስ እንዴት እስካሁን አልፈረሰም?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው።

የመጀመሪያው ችግር እግር አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። እዚህ አገር ሩጫ ሲባል ሰው የሚያስበው አበበ ቢቂላን ነው፣ ደራርቱን ነው፣ ቀነኒሳን ነው። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2፡03፡59 ሲጨርስ አንዱን ኪሎ ሜትር በአማካይ ከ3 ደቂቃ በታች ነው የሮጠው። ትዕግስት አሰፋም በ2023 እዚያው በርሊን 2፡11፡53 ገባች። ይህን በቴሌቪዥን እያየ ያደገ ሰው አንዷን ኪሎ ሜትር በ9 ደቂቃ እያዘገመ አስፋልት ዳር መታየት ቢያሳፍረው አይፈረድበትም። በዚያ ላይ የሚኒባስ ረዳት በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "አይዞህ ኃይሌ!" ይልሃል። ክፋት የለውም፣ ግን ስንቱ በዚያች ቃል ብቻ ተመልሶ ተኝቷል።

ሌላው ሰው የማያስበው ነገር ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። አየሩ ስስ ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ የምታገኘው ኦክስጅን ቆላ ካለው ሰው ያንሳል። አዳማ ላይ በየጠዋቱ ዱብ ዱብ የሚል የሚስቴ ወንድም ሊጠይቀን መጥቶ አብሮን ወጣና ገና ሳንርቅ "እናንተ ሰዎች፣ እዚህ አየር የለም እንዴ?" አለ። ስለዚህ አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምንነግረው ሳንባውን እንዳይረግም ነው። ሁለተኛው ደግሞ የወሬ ሕግ ነው፤ እየሮጥክ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳታቋርጥ መናገር ካልቻልክ ፈጥነሃል፣ ቀንስ። ሰዓትም መተግበሪያም አያስፈልገውም። የኛ ሰፈር ሰው ደግሞ ለወሬ አይታማም።

አጀማመሩን ላውራ። የየብሎኩ በር ላይ ወረቀት ለጠፍኩ፦ "ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ሶምሶማ፣ ቀስ ብለን ነው።" ቴሌግራም ግሩፕም ተከፈተ። ግሩፑ ሞላ፣ ሁሉም አውራ ጣቱን ላከ፣ ቅዳሜ በር ላይ የተገኘነው ግን እኔና ዘበኛው ብቻ ነን፤ ዘበኛውም ፈረቃው አልቆ ወደ ቤቱ እየሄደ ነበር። ሰው ያመጣልን ወረቀቱም ግሩፑም አይደለም፣ ማታ ማታ በር ማንኳኳት ነው። "ነገ 12 ሰዓት ላይ በር ላይ እጠብቅሃለሁ" የተባለ ሰው መቅረት ይከብደዋል። ያው ሰውን ከሩጫ የሚያስቀረው ይሉኝታ ከአልጋም ይጎትታል። እሁድን ለቅዳሴ ብለን ተውነው፤ ማክሰኞና ሐሙስ ለሥራ የሚቸኩሉት ለሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣሉ፤ ዋናው ቀን ቅዳሜ ነው።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። እንዲህ ያለ ቡድን የሚፈርሰው በደካሞች ሳይሆን በፈጣኖች ነው። ወጣቶቹ ተፈትልከው ይሄዱና ተመልሰው፣ ሻይ ጠጥተው፣ ሒሳብ ከፍለው ሲነሱ ኋላ የቀረው ሰው ገና ላቡን እየጠረገ ይደርሳል። ሁለተኛ አይመጣም። በየመሀሉ ቆሞ መጠበቅ ሞከርን፣ የሚጠብቀው በረደው፣ የሚጠበቀው ተሳቀቀ። መፍትሔውን ያመጣው ያው ልጅ ነው፣ አንዱ ሯጫችን።

እንዲህ ነው። ከኮንዶሚኒየሙ በር ተነስተን ወደ ጎሮ አቅጣጫ ሁሉም በየራሱ ፍጥነት ይሄዳል። ልክ 25 ደቂቃ ሲሞላ የሁሉም ስልክ ይጮሃል። ያኔ የትም ድረስ፣ የደረስክበት ቦታ ላይ ዞረህ ትመለሳለህ። ፈጣኑ ርቆ ስለሄደ የሚመለሰውም ረጅም መንገድ ነው፤ ቀስ ያለው ቅርብ ነው ያለው፣ ስለዚህ አሁን ፊት እሱ ነው። ሁሉም በሄደበት ፍጥነት ከተመለሰ በር ላይ የምንደርሰው በአንድና በሁለት ደቂቃ ልዩነት ነው። መምህሩ ጋሼ በመጀመሪያው ቀን ስልካቸው ጮሆ ሲዞሩ ወጣቶቹ ከኋላቸው ሲሆኑ አዩና "ኋለኞች ፊተኞች ይሆናሉ!" ብለው መንገዱን በሳቅ ሞሉት። እስከ ዛሬም በየቅዳሜው ይሏታል። አንድ ጥቅም ደግሞ አላት፤ ሲሄድ እሳት ለብሶ የሄደ ሰው ሲመለስ በእግሩ እያዘገመ ከሁሉም በኋላ ስለሚደርስ፣ ማንም ሳይመክረው በሚቀጥለው ሳምንት ይረጋጋል።

በዚህ ዘዴ ከመጡት አንዷ እንጀራ የሚጋግሩት እትዬ ናቸው። ቱታ ሱሪ፣ ከላይ ጉርድ ቀሚስ፣ ነጠላቸው ወገባቸው ላይ ሸብ፣ እግራቸው ላይ የላስቲክ ጫማ። በር ላይ ቆመው፣

"ልጄ፣ እኔ እኮ ሯጭ አይደለሁም። ሐኪሙ ስኳርሽን በእንቅስቃሴ አውርጂ ስላለኝ ነው።"

"እትዬ፣ እኛም ሯጭ አይደለንም፣ ይግቡ።"

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሃያ አምስቱንም ደቂቃ በእግራቸው ነው የሄዱት። አሁን ከአንዱ የመብራት ምሰሶ እስከ ሌላው ይሮጣሉ፣ ቀጣዩን ይራመዳሉ፣ እንደገና ይሮጣሉ። ይህን የምሰሶ ነገር ለማንኛውም ጀማሪ እመክራለሁ፣ ደቂቃ ከመቁጠር ይቀላል።

እሳቸው ከመጡ በኋላ ነው ስለ ጾም በደንብ ያሰብነው። በሁዳዴ ሳይቀምስ ወጥቶ የሚሮጥ ሰው አለን፤ በረመዳን ደግሞ ውሃም አይነካም። ጤነኛ ሰው በዝግታ ከሆነ ብዙም አይጎዳም። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ግን ባዶ ሆዱን ሲሮጥ ስኳሩ ከልክ በላይ ሊወርድበት ይችላል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ግራ ይጋባል። ነርሶቹ ይህን ካስረዱን በኋላ ሁላችንም ኪስ ውስጥ ከረሜላ አይጠፋም። እትዬም ሐኪማቸውን ጠይቀው ነው የጾሙን ጉዳይ የወሰኑት፣ የንስሐ አባታቸውንም ጭምር። የረመዳን ጿሚዎቹ ደግሞ ሱሁር በልተው፣ ሶላት ሰግደው ከእኛ ጋር ከመውጣት ይልቅ ከኢፍጣር በፊት ባለችው ሰዓት ቀለል አድርገው ይራመዳሉ፤ ሲጨርሱ ውሃው ቅርብ ነው።

ውሻ! ለሊት 11 ሰዓት ተኩል የሚወጣ ሰው ስለ ውሻ ካላወቀ አይውጣ። እንዳትሮጥ። ቆም በል፣ ጎንበስ ብለህ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ሁን፣ ድንጋይ ባይኖርም። የአዲስ አበባ ውሻ ያቺን ጎንበስ ማለት ጠንቅቆ ያውቃል። ከውሻው የባሰው ለካፊው ነው። ሴቶቹ ጎህ ሳይቀድ ብቻቸውን ከብሎካቸው እስከ ዋናው በር መምጣት አስቸግሯቸው ነበር፣ ሁለቱ ሊተዉትም ደርሰው ነበር። "በቡድን ሩጡ" ማለት ቀላል ነው፤ ችግሩ ግን ቡድኑ ጋ እስክትደርስ ያለው መንገድ ነው። አሁን መጀመሪያ የሚነሱት ሁለት ሰዎች ከመጨረሻው ብሎክ ጀምረው በየበሩ እየደወሉ ሰው እየሰበሰቡ ይመጣሉ። ማታም ሻይ ቤት ካመሸን በዚያው መንገድ መልሶ ማድረስ ነው። ይህች አንዲት ነገር ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ሴት አምጥታልናለች።

ሯጩ ልጅ ድሮ በፕሮጀክት፣ ማለትም በታዳጊ አትሌቶች ማሠልጠኛ፣ ሲሠለጥን የነበረ ነው፤ ክለብ የመግባት ሐሳቡንም አልተወም። ወር ሲያልቅ እንጦጦ የሚያወጣን እሱ ነው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ እዚያ የወሬ ሕጉ በራሱ ይሠራል፣ የሚያወራ የለማ። ባሕር ዛፉ ውስጥ ሲገባ በቀጥታ ዳገቱን አይወጣም፤ በዛፎቹ መሀል ወዲያና ወዲህ እየተጣጠፈ ነው የሚወስደን። እኛ በአንድ መስመር ከኋላው እንሰለፋለን። "ሰማይ ምድሩን አትዩ፣ ፊታችሁ ያለውን ሰው እግር ብቻ ተከተሉ" ይላል። ሥር ሲመጣ እጁን ወደታች ያመለክታል፣ ቀጣዩ ለቀጣዩ ያሳያል፣ እስከ መጨረሻው እንደዚያው። ዳገቱን ስለሚሰብረው ልብህ አፍህ ላይ አይመጣም፤ መሬቱም ቅጠልና አፈር ስለሆነ ጉልበት አይመታም። በአስፋልት ብቻ ስንሮጥ ጉልበቴን ያመኝ የነበረው እሱ ከመጣ ወዲህ ቀለለኝ፤ ከሰፈርም ቢሆን አስፋልቱን ትተን ዳር ዳሩን፣ አፈሩን እንመርጣለን። ኮሮኮንች ያማረርን ሁሉ አሁን ፈላጊው ሆነናል።

ስለ ገንዘብ። መዋጮ መጀመሪያ አልነበረንም፣ መጨረሻም ባይኖር ደስ ይለኝ ነበር። ቲሸርት ይሠራ ተባለ፣ ተዋጣ፣ ያሳተምንበት ቤት የሰጠን አረንጓዴ በመጀመሪያው አጠባ የሰውን ሁሉ አንሶላ አረንጓዴ አደረገው። በዚያ ላይ የሁለት ሰው መጠን ተሳሳተ። የሦስት ሳምንት ጭቅጭቅ። ከዚያ ወዲህ ለሻይ እንኳ ሁሉም የየራሱን በቴሌብር ይከፍላል፣ ገንዘብ ያዥ የሚባል የለም።

የማይካተተው እቁቡ ነው። ደህና የመሮጫ ጫማ ዋጋው አይቀመስም፤ መርካቶ "ኦሪጅናል" ተብሎ የሚሸጠው ግማሹ ሶሉ እንጨት ነው። ስለዚህ የጫማ እቁብ ጀመርን። በየወሩ ሁሉም እኩል ይጥላል፣ ዕጣ ይወጣል፣ የወጣለት ሰው ብሩን ሳይሆን ጫማውን ነው የሚያገኘው፤ ሯጩ ልጅ አብሮት መርካቶ ሄዶ ይመርጥለታል። ለምን ብር በእጅ አይሰጥም ካላችሁ፣ ብሩ ከተሰጠ ለቤት ኪራይ ይሄዳል፣ አውቀዋለሁ። ልጁ ሲመርጥ ሶሉን በአውራ ጣቱ ይጫነዋል፣ ገባ ብሎ ካልተመለሰ ይተወዋል። ከዚያ ጫማውን ከፊትና ከኋላ ይዞ ያጥፈዋል፤ መታጠፍ ያለበት ጣቶች ጋ ነው፣ መሀሉ ላይ ከታጠፈ አይገዛም። ሳልቫጅ ከሆነ ደግሞ ገልብጦ ተረከዙን ያያል፣ በአንድ ጎን ብቻ ያለቀ ጫማ የሌላ ሰው አረማመድ ነው ይላል። ሻጮቹ አይወዱትም።

ክረምት ላይ እንሳሳለን። ሐምሌና ነሐሴ ጭቃው፣ ጉንፋኑ፣ ብርዱ። አንድ ክረምት የብሎኩን ደረጃ እስከ አራተኛ ፎቅ መውጣትና መውረድ ጀመርን፤ ጥሩ ነበር፣ ምድር ቤት ያሉት ሴትዮ ዱላ ይዘው እስኪወጡ ድረስ። ትክክል ነበሩ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። አሁን ክረምት ላይ ባይሮጥም ሻይው አይቀርም። የቀረ ሰው ይደወልለታል፣ "የት ጠፋህ" ሳይሆን "ሰላም ነህ ወይ" ተብሎ። እንዲህ ሲደወል ነው የራይድ ሹፌሩ እናቱ ማረፋቸውን የሰማነው፣ ከእድሩ ጋር እኩል ድንኳን የገባነው።

ታላቁ ሩጫ ሲደርስ ደግሞ ሰፈሩ ይነቃል። በ1994 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሲጀመር ያሸነፈው ራሱ ኃይሌ ነው፤ አሁን ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አሥሩን ኪሎ ሜትር እየዘፈነ፣ እየጨፈረ፣ ውሃ እየተረጫጨ ነው የሚጨርሰው። ከእኛ መሀል ሰዓት ሊያሻሽሉ የሚሄዱ አሉ። እናንተም ሰዓት ካላሻሻልን ካላችሁ በጣም ፊት ቁሙ፣ ያለበለዚያ ሕዝቡ መሀል ገብቶ መሮጥ አይታሰብም፣ መጨፈር ነው። እኔ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው። በጥቅምት የሚመጣውን የአዲስ ሰው ጎርፍ ግን አንተማመንበትም፤ ቲሸርቱን ለብሶ ከሮጠ በኋላ አብዛኛው እስከ ዓመት አይታይም። አሥር ሰው ቢመጣ ሁለት ከቀረልን ደግ ነው።

ባለፈው ዙር እቁቡ ለእትዬ ወጣላቸው። ልጁ መርካቶ ወስዶ ሶሉን ተጭኖ፣ አጥፎ፣ ተከራክሮ አንድ ሰማያዊ ጫማ ገዛላቸው። ቅዳሜ በላስቲክ ጫማቸው መጡ። "እትዬ፣ ጫማውስ?" አልናቸው። "ይሄን አቧራ ላስግጠው? ለታላቁ ሩጫ ነው" አሉ። አሁን ኮሚቴ አቋቁመን እየለመንናቸው ነው፤ ነርሶቹ በስኳር በሽታ እግር መቁሰል እያስፈራሩ፣ መምህሩ ጋሼ በምክር፣ እኔ በቀልድ። እስካሁን የተስማሙት ሐሙስ ሐሙስ ሊያደርጉት ነው። ዝናብ ከሌለ።