የአያቴን ጨሌ አልረከብም

እኛ ቤት ጳጉሜን ስትገባ የዶሮ ክርክር ይነሳል። ዶሮው ለወጥ አይደለም። ለዘመን መለወጫ ዋዜማ በር ላይ ይታረዳል፣ ቀለሙም በየዓመቱ ይታዘዛል። አንዳንዴ ገብስማ፣ አንዳንዴ ቀይ፣ አንዳንዴ ጥቁር። ለውቃቢው ነው። ቤተሰባችን ሲያደርገው ኖሯል።

አያቴ እዚህ ጎንደር ዛር ያለባት ሴት ነበረች። ጾም አትገድፍም። ወር በገባ በ21 ማርያምን ትዘክራለች። ለጥምቀት ነጭ ለብሳ ታቦቶቹን እስከ ፋሲል መዋኛ ትሸኛለች። ማታ ደግሞ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ጨሌዋን፣ የዛሩን ዶቃ፣ ከሙዳዩ አውጥታ ታጠልቃለች። ማተቡም ጨሌውም አንድ አንገት ላይ። እሷን ለማማት አይደለም የምጽፈው። ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ ነፍሷን ይማር።

እኔ በሰማንያ ቀኔ ነው የተጠመቅኩት። የክርስትና እናቴ አቅፋኝ ወደ ምዕራብ ዞራ ሰይጣንን ካደችልኝ። ወደ ምሥራቅ ዞራ አመነችልኝ። እንዴት ላስታውሰው? ቃሉ ግን የእኔ ነው፣ በስሜ የተገባ ነው። ይህ የገባኝ ከባለቤቴ ጋር ለመቁረብ ስንዘጋጅ ነው። ለንስሐ አባታችን ስለ ዛሩ ሁሉንም ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ከጌታ ማዕድም ከአጋንንት ማዕድም መብላት አይቻልም» አሉኝ። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው ነው። ከዚያ ወዲህ በእኔ በር ላይ ዶሮ አልታረደም።

ሰው ወደ ድሮው የሚመለሰው ኃጢአት ሲያምረው ነው ብለን እናስባለን። ፈርቶ የሚመለሰው ግን ይበዛል። ዘመድ እያለቀሰ ሲለምነው የሚመለስም አለ።

አንድ ክረምት ልጄ ታመመ። ትኩሳቱ አልበርድ አለ፣ ትንፋሹም ያጥረው ጀመር። አክስቴ ከአዘዞ በባጃጅ መጣች፣ ቀይ ዶሮ ታቅፋ።

«ውቃቢው ተቀይሞ ነው» አለችኝ። «እናቴ ያቆየችውን አንቺ ጣልሽው። አንድ ጊዜ ብቻ በራሱ ላይ አዙሪለት። ከዚያ ንስሐሽን ትገቢያለሽ።»

ይህችን «አንድ ጊዜ ብቻ» እስካሁን አስባታለሁ። አክስቴ ክፉ ሰው አይደለችም። ልጄን ትወደዋለች፣ እያለቀሰች ነው የተናገረችው። ያከበደውም ይኸው ነው። በጠላት አፍ ቢመጣ ምን ቸገረኝ። ደግሞ ንስሐውን አስቀድማ አዘጋጅታልኛለች። አውቄ ልበድልና ይቅር እባላለሁ ብዬ እንዴት እግዚአብሔር ፊት እቆማለሁ?

«አይሆንም እትዬ፣ ዶሮውን ይዘሽ ግቢ» አልኳትና ልጄን አዝዬ ሆስፒታል ሄድኩ። የሳንባ ምች ነው ተባለ። መድኃኒት ታዘዘለት፣ ጠበልም ወሰድኩት። ሐኪም ጋ መሄድ እምነት ማጉደል የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ባለ መድኃኒትን አክብር ይላል፣ እሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታልና። ልጄ ዳነ። ባይድንስ ኖሮ? መልሴ ያው እንዲሆን ነበር የምጸልየው። እናት ለሆነ ሰው ይህን መጻፍ ቀላል አይደለም።

እስራኤል በምድረ በዳ ሳሉ ግብፅ ናፈቀቻቸው። ዓሣውን፣ ዱባውን፣ ቀዩንና ነጩን ሽንኩርት እያነሱ አለቀሱ። ጡብ ሲያስቆጥራቸው የነበረውን አስገባሪ ግን ማንም አላነሳም። የእኛም ቤት ትዝታ እንዲሁ ነው። አክስቴ ቡናውን፣ ጭሱን፣ ቤት ሙሉ ሴቶች የሚጫወቱበትን ማታ ታነሳለች። አውቃለሁ፣ ደስ ይል ነበር። እኔ ግን አያቴ ለዶሮ መግዣ ስትበደር አይቻለሁ። ቀለሙ አልሆነም ተብሎ ሌላ ፍለጋ ቅዳሜ ገበያ ስትባዝን አይቻለሁ። ታማ እንኳ ሳይፈቀድላት መድኃኒት አትውጥም ነበር። ቤቱ በፍርሃት ነበር የሚተዳደረው።

«የአባት የአያት ነው» ትለኛለች አክስቴ። ክርስትናውስ? ከኢዛና ከቆጠርነው ከ4ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአባት የአያት ነው። ክርክሩም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ክርስቲያን ነኝ እያለ ደስክ ለተባለ ጣዖት የሚሰዋውን ሕዝብ አጥብቀው ተቃውመዋል። ፋሲለደስ ጎንደርን እ.ኤ.አ. በ1636 ሲቆረቁሩ ጉዳዩ ያረጀ ነበር።

መተው ብቻውን ግን አይበቃም። ጌታ ስለ ወጣው ርኩስ መንፈስ ሲናገር ቤቱን ባዶ ሆኖ፣ ተጠርጎ አገኘው ይላል። ባዶ ስለነበር ሰባት ሌሎች ይዞ ተመለሰ። ስለዚህ ቤቴን ለመሙላት እጥራለሁ። ማታ ማታ ከልጆቹ ጋር እንጸልያለን፣ ቢደክመንም። ጳጉሜን 3 የሩፋኤል ዝናብ ከጣለ ልጆቹ ግቢ ወጥተው ይጠመቃሉ። አክስቴንም የጽዋ ማኅበራችን ውስጥ አስገባኋት። ሴቶቹን፣ ጨዋታውን፣ ጠላውን ወደደችው። ለካ የናፈቃት ብዙው ነገር እሱ ነበር። ይህን ሰባኪዎቻችን ቢያስቡበት ጥሩ ነው። ጨሌሽን ጣዪ የተባለች ሴት በማግስቱ ከማን ጋር ቡና ትጠጣ?

ሙዳዩ አሁንም አክስቴ ዘንድ ነው። ከእሷ በኋላ እኔ እንድረከበው ትፈልጋለች። ኤፌሶን ላይ አስማተኞች የነበሩት መጻሕፍታቸውን ሰብስበው በሰው ሁሉ ፊት አቃጠሉ፣ ዋጋው ሲተመን 50,000 ጥሬ ብር ነበር። መሸጥ ይችሉ ነበር፣ አልሸጡም። ለአክስቴም እጄ ከገባ በቀጥታ ለንስሐ አባቴ እንደማስረክበው ነግሬያታለሁ። ተቆጣች። በሳምንቱ ቡና ልትጠጣ መጣች።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ዕቃ ካለ ለብቻችሁ አትታገሉት። በጨለማ ወንዝ ውስጥ ጥሎ መሮጥም ፍርሃቱን አያወጣውም። ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፣ ቤት መጥተው ጸሎት ያድርሱላችሁ፣ ዕቃውንም እሳቸው ይውሰዱት። የሚቀየማችሁን ዘመድ ደግሞ በዚያው ቀን ቡና ጥሩት።