ፍሬን የያዘች መኪና ወደ ኋላ አትሄድም

በማይለወጥ ሽምጠጣ፣ ማለትም ፍጥነት በየሰከንዱ በእኩል መጠን እየጨመረ ወይም እየቀነሰ፣ ስለሚደረግ እንቅስቃሴ የሚጠይቁ የፊዚክስ መልመጃዎችን፣ መልሱን ቀድሜ ሳላይ መሥራት ጀምሬአለሁ። ደስ ብሎኛል፤ አልደብቅም። ቀመሮቹን መያዝ፣ በሰዓት ኪሎ ሜትርን ለ3.6 አካፍሎ ወደ ሜትር በሰከንድ መለወጥ፣ የተሰጠውን ከተጠየቀው መለየት ትዕግሥት እንጂ ሌላ አይፈልግም፤ አላሰለቻችሁም።

ያታገለኝ አንድ ጥያቄ ነው። በሰከንድ 20 ሜትር የምትከንፍ መኪና ፍሬን ስትይዝ ፍጥነቷ በየሰከንዱ በ4 ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል። በ8 ሰከንድ ውስጥ ስንት ሜትር ትጓዛለች? ቀመሩን የያዘ ሰው ቁጥሮቹን ይተካል፦ 20 በ8 ሲባዛ 160፤ የ4 ግማሽ በ8 ካሬ ሲባዛ 128፤ ልዩነቱ 32 ሜትር። ስሌቱ እንከን የለውም። መልሱ ግን 50 ሜትር ነው።

ብገለብጠው ብመልሰው ያው 32! ቋጠሮው የተፈታልኝ የፍጥነትና የጊዜ ግራፍ ስስል ነው። መስመሩ ከ20 ተነሥቶ ቁልቁል ይወርድና በ5ኛው ሰከንድ ዜሮ ላይ ያርፋል፤ መኪናዋ ቆመች ማለት ነው። በዚህ ግራፍ ከመስመሩ በታች ያለው ስፋት የተጓዘችው ርቀት ነው፤ የሦስት ማዕዘኑ ስፋት፣ ማለትም የ5 እና የ20 ብዜት ግማሽ፣ 50 ይሆናል። ቀመሩ ግን መኪናዋ መቆሟን ከየት ይወቀው? መስመሩን ከዜሮ በታች ይቀጥልና በቀሪው 3 ሰከንድ 18 ሜትር ወደ ኋላ ይመልሳታል። ሽቅብ ለተወረወረ ድንጋይ ይህ ትክክል ነበር፤ ከጫፍ ሲደርስም የመሬት ስበት አይለቀውም። ፍሬን ግን ያቆማል እንጂ ወደ ኋላ አይጎትትም።

ከዚያ ወዲህ ሳልስል ቀመር አልነካም። «ለፈተና ጊዜ ይፈጃል» የሚል አይጠፋም። እስቲ ይህን ይሞክር፦ በሰከንድ 10 ሜትር በማይለወጥ ፍጥነት የሚሄድ የጭነት መኪና በቆመች መኪና አጠገብ ሲያልፍ፣ እርሷ በዚያው ቅጽበት በየሰከንዱ 2 ሜትር በሰከንድ እየጨመረች ትነሣለች። መቼ ትደርስበታለች? በግራፉ ላይ የእርሱ አራት ማዕዘንና የእርሷ ሦስት ማዕዘን እኩል ስፋት፣ ማለትም እኩል ርቀት፣ የሚኖራቸው የእርሷ ፍጥነት የእርሱን እጥፍ፣ 20፣ ሲሆን ነው፤ በ10ኛው ሰከንድ። አለቀ። ፈረንሳዊው ሊቅ ኒኮል ኦሬም በ14ኛው ክፍለ ዘመን፣ ካልኩለስ የሚባለው የሒሳብ ዘርፍ ሳይኖር፣ እንዲህ ያለውን እንቅስቃሴ በሥዕል ያስረዳ ነበር።

ከፎቅ ጫፍ ሽቅብ የተወረወረ ኳስን መውጫና መውረጃ ብሎ ለሁለት ከፍሎ መሥራትም አይገባኝም። ግራፉ ከላይ እስከ ታች አንድ ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ ለምን ይቆረጣል? ይህን ሁሉ ብዬ ግን፣ ጊዜ ያልተጠቀሰበት ጥያቄ ሲመጣ ግራፉን ትቼ የፍጥነት ካሬ ያለበትን ቀመር ነው የማነሣው። ስንፍና ነው፤ ይፈጥናል።